ተምሮ የማይጨርስ ሐኪም፦ የሙያ ፈቃድ እድሳት አጭር ታሪክ



ባለፈው ሰሞን በማታው የጎልማሶች ክፍል ስለ ጤና ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ዶክተር የሆነ ሰው ፈቃዱ ጊዜው ያልፍበታል የሚባለው እውነት ነው እንዴ? ዕውቀት እንደ እንጀራ ይሻግታል?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠችው፣ ሁላችንም «ሲስተር» እያልን የምንጠራት እህታችን ግን አልሳቀችም። ሲስተር አገሯ ሳለች ነርስ ነበረች። በስደት ስትመጣ ከልብሷ ጋር ጠቅልላ ያመጣችው የሙያ ፈቃድ የእድሳት ጊዜው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለማሳደስ ደግሞ በየጊዜው የወሰደችውን ስልጠና በማስረጃ እንድታሳይ ትጠየቃለች። ማስረጃውን ከየት ታምጣው?

«አዎ፣ ያልፍበታል! ከፈለግህ የእኔን ወረቀት መጥተህ እይ» አለችው።

እኛ መምህራኑ በዚያ ማታ አጥጋቢ መልስ አልሰጠንም። ለመሆኑ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ የተመረቀን ሰው «እንደገና ተማር፣ አለዚያ ፈቃድህ አይታደስም» የሚለው ደንብ ከየት መጣ? ለማን ይጠቅማል? እንደ ሲስተር ያለውን ሰውስ ምን ያደርገዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ያገኘነውን በዚህ እትም አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባግዳዱ ፈተና

ሐኪምን መፈተን የዛሬ ነገር አይደለም። በ931 በባግዳድ ከተማ አንድ በሽተኛ በሐኪሙ ስህተት መሞቱን ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሰሙ። ሲናን ኢብን ሳቢት በሚባለው ታላቅ ሐኪም ሳይፈተን ማንም ሰው እንዳያክም አዘዙ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በባግዳድ ብቻ ከ860 በላይ ሐኪሞች ለፈተናው ቀረቡ። በሙያቸው ስመ ጥር የሆኑትና በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉት ግን ከፈተናው ነፃ ተደረጉ።

ስለዚሁ ፈተና የሚተረክ አንድ አስቂኝ ታሪክ አለ። አንድ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሽማግሌ ወደ ሲናን ቀረቡ። ሲናን አክብሮ ተቀበላቸውና ከማን እንደተማሩ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ወርቅ አውጥተው ፊቱ አስቀመጡ። ማንበብና መጻፍ በደንብ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በዚሁ ሥራ መሆኑን ነገሩትና እንጀራቸውን እንዳይዘጋባቸው ለመኑት። ሲናን ሳቀ። የማያውቁትን በሽታ እንዳይነኩ፣ ከባድ መድኃኒትም እንዳይሰጡ አስጠንቅቆ ፈቀደላቸው። በማግሥቱ አንድ ደህና የለበሰ ወጣት መጣ። «ከማን ተማርክ?» ቢባል «ከአባቴ» አለ። አባቱ ማን ሆነው ቢገኙ ጥሩ ነው? የትናንትናው ሽማግሌ!

ታሪኩ ያስቃል፤ ቁም ነገርም አለው። የባግዳዱ ፈተና የሚመለከተው የአንድን ቀን ዕውቀት ነበር። ያን ቀን ያለፈ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚያውቅ የሚጠይቀው አልነበረም። ሳያውቅ የሚያስተምር ደግሞ የማያውቅ ተማሪ ያፈራል። እኛ መምህራንም ይህን ልብ ማለት ይገባናል።

ለዕድሜ ልክ የተጻፈ ስም

ብዙ መቶ ዓመታትን ዘለን ወደ እንግሊዝ እንሂድ። እዚያ የተማረውም ያልተማረውም «ሐኪም ነኝ» እያለ ሕዝቡን ያሳስት ስለነበር ፓርላማው በ1858 የሕክምና አዋጅ አወጣ። በአዋጁ መሠረት ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የሐኪሞች መዝገብም ተከፈተ። ሕዝቡ ስሙ በመዝገቡ የሰፈረውን ካልሰፈረው መለየት ቻለ።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ስሙ የተመዘገበ ሐኪም ከባድ ጥፋት ካላጠፋ በስተቀር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሐኪም ነው። ትምህርቱን የጨረሰ በ25 ዓመቱ ከሆነ፣ በ70 ዓመቱ የሚያክመውም በዚያው ማስረጃ ነው። በመሀል ያሉትን 45 ዓመታት የሚጠይቅ የለም።

ይህን ያልወደዱ ሰዎች ቀደም ብለውም ነበሩ። በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካና በእንግሊዝ ያስተማረው ስመ ጥሩ ሐኪም ዊሊያም ኦስለር በ1900 ባደረገው ንግግር ሐኪም ከተመረቀ በኋላም መማር እንዳለበት አጥብቆ አሳስቧል። ያኔ ግን ጉዳዩ ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረም። የፈለገ ይማራል፤ ያልፈለገ ይተወዋል።

ዕውቀት ሲያረጅ

ታዲያ ምክሩ ግዴታ መሆን ለምን አስፈለገው? መልሱን ለማግኘት ከእኛው ኑሮ ሁለት ምሳሌ እናንሳ።

አንደኛው ወባ ነው። ከመካከላችን ክሎሮኪንን የማያስታውስ ጎልማሳ የለም። ምሬቱና ማሳከኩ እስከ ዛሬ ትዝ ይለናል። ለብዙ ዓመታት ፍቱን መድኃኒት ነበር። በኋላ ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ተውሳክ መድኃኒቱን ለመደውና አልሞት አለ። በ1998 ኬንያ በክሎሮኪን ፋንታ ፋንሲዳርን መረጠች፤ ኢትዮጵያም በዚያው ሰሞን ይህንኑ አደረገች። ፋንሲዳርም ብዙ አልቆየም። በ2004 ሁለቱም አገሮች ዛሬ ሁላችን በኮአርተም ስሙ ወደምናውቀው መድኃኒት ለመሸጋገር ወሰኑ። ቫይቫክስ ለሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ግን ክሎሮኪን በኢትዮጵያ አገልግሎቱን ቀጠለ።

እስቲ አስቡት። በ1995 በማዕረግ የተመረቀ አንድ የጤና ባለሙያ ይኑር። ጎበዝ ነው፣ ትጉ ነው፣ ሰው ወዳድ ነው። ነገር ግን ከተመረቀ ወዲህ አንድም ነገር አላነበበም። በ2005 አንዲት እናት በፋልሲፓረም ወባ የታመመ ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። እሱም በተማረው መሠረት ክሎሮኪን ይሰጣል። ፈተና ላይ ቢጻፍ ትክክል ተብሎ ነጥብ ያገኝበት የነበረ መልስ ነው። ልጁ ግን ሊሞት ይችላል። ባለሙያው ሰነፍ ወይም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ዕውቀቱ ስላረጀ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከስደተኞች ካምፕ የመጣ ነው። በ1971 በባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት ምክንያት ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ ገቡ። ቦንጋኦን በምትባለው የድንበር ከተማ ባለው ካምፕ ኮሌራ ገባ። የዚያን ጊዜው የተለመደ ሕክምና በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ ነበር። በሽተኛው ሲበዛ ግን ፈሳሹ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ጨውና ስኳር በልክ መጥነው፣ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው፣ በሽተኞቹ እንዲጠጡት አደረጉ። የሚያጠጡትም በአብዛኛው እናቶችና ዘመዶች ነበሩ። ቀድሞ እስከ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው የሟቾች ቁጥር ወደ 3.6 በመቶ ገደማ ወረደ።

ስኳር ጨውንና ውሃን ይዞ በአንጀት በኩል ወደ ሰውነት እንደሚያስገባ በ1960ዎቹ በጥናት ታውቆ ነበር። በ1968ም በዳካ በኮሌራ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። ሆኖም ብዙ ሐኪሞች «በአፍ የሚሰጥ ውሃ ኮሌራን አይችልም» ብለው በተማሩት ጸንተው ነበር። ዛሬ በየክሊኒካችን የምናገኘው ኦአርኤስ ይኸው ነው። እሱም ቢሆን ባለበት አልቆመም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጨውና የስኳር መጠኑ ቀነስ ያለ አዲስ ቅመም አውጥቷል።

እንግዲህ የተማሪያችን ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። አዎን፣ ዕውቀት ይሻግታል። እንጀራ ሲሻግት ግን ይታያል፤ ዕውቀት ሲሻግት ባለቤቱ እንኳ ላያየው ይችላል።

«ልምድስ?» የሚል ይኖራል። ልምድ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 62 ጥናቶችን አሰባስበው መርምረው ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ጥናቶች ሐኪሞቹ በሥራ የቆዩበት ዘመን በረዘመ ቁጥር የሕክምናቸው ጥራት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ማለት አሮጌ ሐኪም ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ትምህርቱን ያላደሰ ሰው በልምዱ ብቻ መተማመን የለበትም ማለት ነው።

ምክሩ ግዴታ የሆነበት ዘመን

ግዴታው የተጀመረው በመንግሥት ሳይሆን በራሳቸው በሐኪሞቹ ነው። በ1947 በአሜሪካ የጠቅላላ ሐኪሞች አካዳሚ ሲመሠረት፣ አባል ሆኖ ለመቆየት የሚፈልግ ሐኪም በየ3 ዓመቱ 150 ሰዓት መማር አለበት የሚል ደንብ አወጣ። በ1968 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ትምህርታቸውን ለሚቀጥሉ ሐኪሞች የዕውቅና ወረቀት መስጠት ጀመረ። በ1969 የተቋቋመው የቤተሰብ ሐኪሞች ቦርድ ደግሞ የስፔሻሊስትነት ማስረጃው ለ7 ዓመት ብቻ እንዲያገለግልና ከዚያ በኋላ በፈተና እንዲታደስ አደረገ።

መንግሥት የገባበት በ1971 ነው። ያን ዓመት ኒው ሜክሲኮ ሐኪም ፈቃዱን ለማሳደስ ትምህርቱን መቀጠል አለበት ብላ በሕግ የደነገገች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ሆነች። ልብ በሉ፣ የቦንጋኦኑ ካምፕ ሕክምናም በዚያው ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከተሉ። መጠኑ ይለያያል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ በ2 ዓመት 50 ሰዓት፣ ሚሺጋን በ3 ዓመት 150 ሰዓት ይጠይቃሉ።

እንግሊዝ ግን ዘገየች። ሰውን ያነቃው ሐዘን ነበር። በብሪስቶል ከተማ በልብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሕፃናት ሞተው ጉዳዩ ሲመረመር፣ በ2001 የወጣው ዘገባ የሐኪሞች ችሎታ በየጊዜው የሚታይበት ሥርዓት አለመኖሩን አጋለጠ። ብዙ ክርክር ተካሂዶ ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ የእንግሊዝ ሐኪም ፈቃዱን ይዞ ለመቆየት በየ5 ዓመቱ ብቁነቱን ማረጋገጥ ግዴታ ሆነበት። ከ1858 እስከ 2012 ስንት ዓመት ነው? ሒሳቡን ለተማሪዎቻችን ትተናል።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ

በኢትዮጵያ ለጤና ባለሙያ ስልጠና ትልቅ መነሻ የሆነው በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ነው። ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት በዚያው አቅራቢያ በደምቢያ በ1953 ብዙ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የዚያን ጊዜው ችግር ባለሙያ ማግኘት ነበር፤ ያለውን ባለሙያ እንደገና ማስተማር ገና አልታሰበም። የፈቃድ ቁጥጥሩ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 661/2002 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ተጠናከረ። በ2013 ደግሞ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻን ከፈቃድ እድሳት ጋር የሚያያይዝ መመሪያ ተዘጋጀ። ባለሙያዎቹ ባጭሩ «ሲፒዲ» ይሉታል።

በኬንያ ሐኪም ዓመታዊ ፈቃዱን ለማሳደስ በዓመት 50 ነጥብ ማሰባሰብ ይጠበቅበታል። በደቡብ አፍሪካ በ12 ወር 30 ነጥብ ይጠየቃል፤ ከዚህ ውስጥ 5ቱ ከሙያ ሥነ ምግባር መሆን አለባቸው። ይህ የመጨረሻው ደስ ይላል። መድኃኒቱን ማወቅ ብቻ ሳይሆን በሽተኛውን ማክበርም እየታደሰ መሄድ አለበት ማለት ነው።

ወንበር ማሞቅ ወይስ መማር?

ደንቡ እንከን የለበትም አንልም። ነጥብ ለመሰብሰብ ብቻ የሚሰበሰብ ሰው ሞልቷል። ስም ያስፈርማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይሄዳል። እኛም ብንሆን ለአበል ብቻ የተቀመጥንባቸው ስልጠናዎች የሉም? እንተዛዘብ።

በዚህ ጉዳይ ላይ በ1999 በካናዳዊ ተመራማሪ መሪነት የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ጥናቱ እንዳሳየው አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ስልጠና የሐኪሞችን አሠራር እምብዛም አይለውጥም። ተወያይተው፣ ጠይቀውና በተግባር ሞክረው የተማሩት ግን ለውጥ ይታይባቸዋል። ይህ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለእኛም ክፍል ይሠራል። ጥቁር ሰሌዳውን ሞልተን ስላስገለበጥን አስተማርን ማለት አይደለም።

ወረቀቱና ዕውቀቱ

አሁን ወደ ሲስተር እንመለስ። ደንቡ ትክክል ነው ብለናል። ነገር ግን የተሠራው አድራሻ ላለው ሰው ነው። ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚጠይቅ፣ የስልጠና ክፍያ የሚከፍል፣ ከአሠሪው ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው ታስቦ ነው የወጣው። ሲስተር በክሊኒኩ በኢንሴንቲቭ ትሠራለች። ክትባት ታስተባብራለች፣ ያስተረጉሟታል፣ እናቶችን ትመክራለች። በእነዚህ ዓመታት ብዙ አጫጭር ስልጠና ወስዳለች፤ ከአብዛኞቹ ግን በእጇ የቀረ ወረቀት የለም። አንድ ጊዜ ማስረጃ እንዲጻፍላት ብትጠይቅ «ለኢንሴንቲቭ ሠራተኛ አይሰጥም» ተባለች። ይህ ያሳዝነናል። ፈቃዷ የወደቀው ባለመማሯ ሳይሆን መማሯን የሚመሰክርላት በማጣቷ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል ብለን እናምናለን። ወረቀት ያለ ጥፋታችን ሊያልፍበት ይችላል። ጦርነት፣ ድንበር፣ የጠፋ ሻንጣ ያሳልፈዋል። ዕውቀት ግን የሚያረጀው እኛው ስንተወው ነው። አንደኛውን ለማዳን የሌሎች እርዳታ ያስፈልገናል። ሁለተኛውን ለማዳን አሁን፣ እዚሁ መጀመር እንችላለን።

ስለዚህ ከሲስተርና በካምፑ ካሉ ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ጋር ተመካክረን ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ አንድ ደብተር ይያዝ። የወሰደውን ስልጠና ቀን፣ ርዕስ፣ የሰዓት ብዛትና የአሠልጣኙን ስም ይጻፍ፤ እዚያው ሳለ ያስፈርም። ከወር በኋላ አሠልጣኙ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ማን ያገኘዋል? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ሁለተኛ፣ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ዋናውን ከቅጂው ለይቶ ያስቀምጥ። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው በሳምንቱ የገጠማቸውን አንድ ሕመም፣ የበሽተኛውን ስም ሳያነሱ፣ ይወያዩበት። አራተኛ፣ ስልጠና የሚሰጡ ድርጅቶች ስደተኛ ነው ሳይሉ ለተሳተፈ ሁሉ የተሳትፎ ወረቀት እንዲሰጡ በትሕትና ግን ደጋግመን እንጠይቅ።

ማንንም በባዶ ተስፋ መሸንገል አንፈልግም። ደብተሩ ፈቃድ አይሆንም። ነገ ወደ አገሩ የሚመለስ ወይም በሪሴትልመንት ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ባለሙያ የዚያን አገር ፈተና መፈተኑ አይቀርም። ነገር ግን ባዶ እጁን ከሚቀርብ ሰው ይልቅ የዓመታት ትምህርቱን በቀንና በፊርማ የሚያሳይ ሰው ይሻላል። ፈተናው ላይ ሲቀመጥም የሚያውቀው የዛሬውን መድኃኒት ነው፤ የ1995ቱን አይደለም።

ሲስተር ደብተሯን ጀምራለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዚያ ሳምንት ከጓደኞቿ ጋር የተወያየችበት ርዕስ ሰፍሯል፦ «ተቅማጥ ያለበት ሕፃን፣ ኦአርኤስና ዚንክ፣ 2 ሰዓት»። ያ ጥያቄ የጠየቀው ተማሪም አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከእነሱ ጋር እየተቀመጠ ያዳምጣል። የጤና ረዳት መሆን እፈልጋለሁ ብሎናል። «ሳትመረቅ እድሳት ጀመርክ?» ብለን ቀለድንበት።

ለክፍል ውይይት፦
1. የባግዳዱ ሽማግሌ እንጀራቸው እንዳይዘጋ መፈቀዱ ትክክል ነበር ትላላችሁ? በሽተኛውንስ ማን ያስብለት?
2. ወላጆቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ ቀድሞ የሚያውቁት፣ ዛሬ ግን የተለወጠ የሕክምና ምክር ካለ ጠይቃችሁ ጻፉ።
3. የመምህር ፈቃድም በየጊዜው ይታደስ ቢባል ምን ምን መጠየቅ አለበት?

መልሳችሁን በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።